የሐረሩ ድንጋይ ቤትና ከቶሮንቶ የተላከው ሲሚንቶ

ሰው አገር ቤት ሊሄድ ነው ሲባል ስልኩ እንዴት እንደሚጨናነቅ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ያውቀዋል። አንዱ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሌላው ለወንድሙ ጫማ ይልካል፤ ሌላዋ ደግሞ «ኪስ የምትገባ ትንሽ ፖስታ ናት» ብላ ግማሽ ሻንጣ የሚይዝ ጥቅል ይዛ ትመጣለች። የእኔም ሻንጣ ሳምንት ሲቀረው ሞላ። በመጨረሻ የደወለው ቶሮንቶ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ነበር። የእሱ አደራ ሚዛን ላይ የሚወጣ አልነበረም።

«ሐረር ትደርሳለህ አይደል?»

«እደርሳለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው እቤት ግባና ግድግዳውን በመዳፍህ ዳስሰው። ረጥቧል ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ውሸት ነው፣ ገንዘብ ፈልገው ነው ይላል። አንተ ዳስሰህ ንገረኝ።»

በስደት ዘመኔ ብዙ አደራ ተቀብያለሁ፤ ግድግዳ ዳስስ የተባልኩት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

ቤቱ ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። እኛ ከግንብ ውጭ ያደግን ልጆች «የአደሬ ቤት» እንለው ነበር። ባለቤቶቹ ግን «ጌይ ጋር» ነው የሚሉት፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ለሐረሪ ሰው ከተማ ማለት አንድ ነው፣ እሱም ሐረር ነው፤ ቋንቋቸውንም «ጌይ ሲናን»፣ የከተማ ቋንቋ፣ ይሉታል። እኔ አባቴ በአስተማሪነት ተመድቦ እዚያ በመሄዱ ሐረር የተወለድኩ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ። ይሁንና የልጅነቴ ግማሹ ያለፈው በዚያ ቤት ቀይ ወለል ላይ ነው። የጓደኛዬን አክስት ሁላችንም «አይ» እንላቸው ነበር፤ በሐረሪ እናት ማለት ነው። ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ዛሬም እዚያው ቤት ናቸው።

ፈረስ መጋላ ላይ ከባጃጅ ከመውረዴ አንድ ወጣት አስጎብኚ በእንግሊዝኛ ተቀበለኝ። ነጭ የስፖርት ጫማዬ ሳያሳብቅብኝ አልቀረም። «ራምቦ ቤት ልውሰድዎት?» አለኝ። ራምቦ ያለው ፈረንሳዊውን ባለቅኔ አርተር ራምቦን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ሐረር መጥቶ በንግድ ሥራ የኖረውን፣ በ1891 ማርሴይ ላይ የሞተውን። በስሙ የሚጠራው ያማረ የእንጨት ቤት ግን እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ባለቅኔው አንድ ሌሊት እንኳ አላደረበትም። ቢሆንም እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። የከተማዋ የራሷ የድንጋይ ቤቶች ሁለተኛ ፌርማታ ናቸው። ወጣቱን አመስግኜ፣ «እኔ የምሄድበት ቤት ገጣሚ አልኖረበትም» ብዬው ቁልቁል ወደ ጠባቡ መንገድ ገባሁ።

የጀጎልን ቤት ለመረዳት መነሻው ግንቡ ነው። ግንቡን ያሠራው ከግራኝ አህመድ ሞት በኋላ ሐረርን የገዛው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሲሆን፣ ጊዜውም 16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ውስጡ 48 ሄክታር ነው። በሮቹ ጥንት አምስት ነበሩ። እንግዲህ ግንብ የታጠረ ከተማ ወደ ውጭ አይሰፋም፤ ሰው ሲበዛ ቤት ከቤት ይጠጋል። የአንዱ ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ ይሆናል። መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍበት ቦታ አለ። ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት እምብዛም የለም፤ በኖራ የነጣ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ረጅም ግድግዳና አልፎ አልፎ አንድ የተዘጋ በር ብቻ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1855 ጥር ወር እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ከተማዋ ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆይቷል። በቤቶቹ አልተደነቀም። ረጃጅም፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ መስኮታቸው ከፍ ብሎ የተበሳ ቀዳዳ መሆኑን ጽፎ አለፈ። አልፈርድበትም። የሐረር ቤት ውበቱን ለአላፊ አግዳሚ አያሳይም፤ ለተጋበዘ ነው።

አይ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። አጎንብሼ እጃቸውን ሳምኩ፤ ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ልማዴ ሆኖ ከበሩ አጠገብ፣ ዝቅ ካለችው ቦታ ቁጭ ልል ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እዚያ አይደለም። ወደ ላይ ውጣ።»

ይህ ነገር ለምን ልቤን እንደነካው ለማስረዳት የቤቱን ውስጥ መንገር ግድ ይለኛል። ዋናው ክፍል «ጊዲር ጋር»፣ ትልቁ ቤት ይባላል። ወንበር የለበትም፤ አልጋም የለበትም። ወለሉ ራሱ ነው የቤት ዕቃው። በድንጋይና በጭቃ ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ደረጃዎቹም «ነደባ» ይባላሉ፣ እኛ መደብ የምንለው ዓይነት። ቁጥራቸው አምስት ነው። በሩን ትይዩ የሚያይ «አሚር ነደባ» አለ፤ የቤቱ ጌታ ወይም የተከበረ ሰው ይቀመጥበታል። የሚገባውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያያል፣ ጦር የሚሰቀለውም ከዚያው አጠገብ ነበር። ሰፊው «ጊዲር ነደባ» የቤተሰቡና የእንግዳው ነው። ጥግ ይዞ ከዓይን የተከለለው «ሱትሪ ነደባ» ነው፤ ስሙም የተሸፈነ ማለት ነው፣ ለሽማግሌ ይሆናል። ትንሹ «ጢት ነደባ» የሴቶችና የልጆች ነው። የመጨረሻው «ገብቲ አሐር ነደባ» ይባላል፣ ከበር ኋላ ያለው ማለት ነው። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ፣ ተማሪ፣ ተላላኪ፣ በዕድሜም በማዕረግም ትንሽ የሆነ ሰው ነው።

እኔ በልጅነቴ የምቀመጠው ከበር ኋላ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር የሒሳብ የቤት ሥራችንን የሠራነው እዚያ ነው። ማንም ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም፤ የቤቱ ልጅ ቦታውን ያውቃል። አሁን ግን አይ ወደ ጊዲር ነደባ አወጡኝ፣ ትራስም አስደገፉኝ። ክብር ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ ላይ የሚወጣው እንግዳ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ውጭ የኖረ ሰው እንግዳ መሆኑን ኤርፖርት ላይ በፓስፖርቱ ቀለም ይነግሩታል፤ እኔን የነገሩኝ አይ ናቸው፣ ሳያስቡት፣ በትራስ።

ቤቱን እንደ ድሮው አገኘሁት ማለት ይቻላል። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች፣ «ጣቄት» የሚሏቸው፣ አሥራ አንዱም አሉ። ማዕዘን ያላቸው ሁለቱ ለቁርዓንና ለመጻሕፍት ናቸው፤ ቅርጻቸው መቃብርን እንዲያስታውስ ነው የሚል አለ። በግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ ጥቁር የእንጨት ገበታ፣ የቻይና ሳሕንና በቀለም ያበደ ስፌት ተሰቅሏል። የሐረሪ ሴት ስፌት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም። ከክፍሉ ጎን «ኪርታት» የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያ ተከልለው ይቆዩ ነበር፣ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይቀበል ነበር ይባላል። ከኪርታት በላይ «ቀላ» አለ፤ ጣሪያው ከፍ ካለው ከትልቁ ክፍል አጠገብ እንደ ግማሽ ፎቅ የተሠራ ዕቃ ቤት ነው፣ በእንጨት ደረጃ ይወጣል። ማድ ቤቱ በግቢው ውስጥ ለብቻው ነው። ስለዚህ ትልቁ ቤት ጭስ አያውቅም፤ ነጭ ግድግዳው ነጭ ሆኖ የሚቆየውም በዚህ ነው።

ከበሩ በላይ በተጋደመው እንጨት ላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በጥንቱ ልማድ ይህ የሚያመለክተው በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ነው። የዚህ ቤት ሴት ልጆች ግን ሁሉም ውጭ ናቸው፤ አንዷ ዳላስ ልጇን ከዳረች ቆይታለች። «አይ፣ ይህ ምንጣፍ ለማን ነው?» አልኳቸው። «ለአቧራ» አሉኝ ሳቅ ብለው። «የሚያወርደው ወንድ ስለሌለ እዚያው ቀረ።»

ስለ ቀዩ ወለል ልናገር። ነደባዎቹ «ቀሕ አፈር» በሚባል ቀይ አፈር ይቀባሉ። የሐረሪ ሰዎች እንደሚሉት ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው። ታሪኩ ይታወቃል። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው አሥር ዓመት ያህል ገዙ፤ ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ከተማዋን ተረከቡ፤ ብዙም ሳይቆይ የምኒልክ ጦር መጣና አሚሩ ጨለንቆ ላይ ተሸነፉ። ሐረርም ለራስ መኰንን ተሰጠች። እኛ ይህን በትምህርት ቤት የተማርነው አገር የማቅናት ምዕራፍ ሆኖ ነው። በዚያው ሰዓት እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የምቀመጠው ለሙታኑ በተቀባ ወለል ላይ ነበር። አይ አንድም ቀን አልነገሩኝም። የነገረኝ ጓደኛዬ ነው፣ ያውም ቶሮንቶ፣ ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ። «ለምን ያኔ አልነገራችሁኝም?» ብለው «አንተ ልጅ ነበርክ፣ ደግሞም እንግዳ» አለኝ። ይህን ስጽፍ ቅር የሚለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ለጥቂት ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ወለሉ የሰዎቹ ነው፣ የሚቀቡትም ለራሳቸው ሙታን ነው።

የዚህ ቤት ዕድሜ በሰው ነው የሚለካው። የአይ አያት ኪርታት ውስጥ ሙሽራ ነበሩ። አባታቸው እዚያው ተወልደው በ1940 ዓ.ም. ከዚያው ተወሰዱ፤ በዚያ ዓመት በኩሉብ እንቅስቃሴ ሳቢያ ብዙ የሐረሪ ሰዎች ታሰሩ፣ ንብረት ተወረሰ፣ ብዙ ቤተሰብም ከተማዋን እየለቀቀ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ቦታ ፈለሰ። የጓደኛዬ አጎቶች ያኔ የሄዱ ናቸው። ስደት ለዚህ ቤት በእኛ ዘመን የመጣ ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ትርፍ ቤት ወደ ቀበሌ ገባ። በሐረሪ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት መኖሩ ደግሞ ያለ ነው፤ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ጎን ይኖራልና። ለአዋጁ ግን ትርፍ ቤት ነው። ከጓደኛዬ ቤተሰብ ግቢ ዋናው ቤት ለቤተሰቡ ቀረ፤ ጎኑ ያለው፣ በአንድ የጋራ ግድግዳ የተያያዘው ቤት፣ ለቀበሌ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከሁለት ሕፃናት ጋር ተመርተው ገቡበት። ዛሬም አሉ። ቤተሰቡ ውጭ አገር ሆኖ ስለሳቸው ሲያወራ «የቀበሌዋ ሴትዮ» ነው የሚላቸው። አይና እሳቸው ግን ከ40 ዓመት በላይ አብረው ቡና ጠጥተዋል። አንዱን ድስት ሁለቱም ቤት «የኔ ነው» ይሉታል።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ቡናው እስኪፈላ ተነስቼ መዳፌን በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አኖርኩ። ቀዝቅዟል፤ ስጫነውም መዳፌ ረጥቦ ተመለሰ። ከታች እስከ ወገቤ ድረስ ቀለሙ ተነፋፍቶ እንደ ቂጣ ጠርዝ ተቀርፏል። አንዱን ቅርፊት በጣቴ ሳነሣው የድንጋዩ ፊት ዱቄት ሆኖ አብሮ መጣ። አይ ከኋላዬ ሆነው «ይላበዋል» አሉ። «በጋም ክረምትም ይላበዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

ድሮ ያልነበረው ምክንያት የመጣው ከቶሮንቶ ነው። ከ12 ዓመት በፊት ወንድማማቾቹና እህቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ላኩ። ልባቸው ቅን ነበር። «የእናታችን እህት በጭቃ ቤት ውስጥ አትኑር» አሉ። በላኩት ዶላር ጠፍጣፋው የጭቃ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ተመታ፣ ግድግዳው ከውጭም ከውስጥም በሲሚንቶ ተለሰነ፣ በላዩም የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። ፎቶው ቶሮንቶ ሲደርስ ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም አይቼው «እንዴት ያለ ቤት ሆነ!» ብዬ ነበር፤ ከወቀሳው አልወጣም።

ማግስቱን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠርተን አሳየናቸው። አሮጌውን ሙያ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ሳይሆን በጉልበታቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው አዳመጡት፤ ዶክተር ደረት እንደሚያዳምጥ።

«አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ታፍኗል» አሉ። «ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲተኛ እንደሚያልበው።»

ያስረዱኝን በራሴ አማርኛ ላስቀምጥ። ይህ ግድግዳ ከአንድ ክንድ በላይ የወፈረ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ነው፤ ልስኑም ጭድ የገባበት የጭቃ ምርጊት ነበር፣ በላዩ ኖራ። ድንጋዩ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ከዝናብም ይጠጣል፤ ይህ የድንጋይ ባሕርይ ነው፣ ማንም አያግደውም። ጭቃውና ኖራው ግን እርጥበቱን ቀስ እያደረጉ ወደ አየር ያወጡታል። ቤቱ ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቅ ያለ የሚሆነውም በዚያ ውፍረት ነው። ሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው መግባቱ አይቀርም፤ መውጫው ግን ይዘጋል። እርጥበቱ ከልስኑ ኋላ ይጠራቀማል፣ ማያያዣው ጭቃ መልሶ ይለሰልሳል፣ ጨው ወደ ፊት ይመጣና የድንጋዩን ፊት ያፈርሳል። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ጠንክሯል፤ ከውስጥ ግን እየሟሟ ነው። ጣሪያውም እንደዚሁ ነው። የጥንቱ ጣሪያ ወፋፍራም ግንዶች ከግድግዳ ግድግዳ ተጋድመው፣ በላያቸው ቀጫጭን እንጨት ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ከዚያ ጭቃ ተመርጎና ተደልድሎ የተሠራ ነው። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ሰው ወጥቶ ስንጥቁን መድፈን፣ ጭቃውን መደልደል አለበት። ቆርቆሮ ሲመታበት «ተገላገልን» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልወጣም፤ በቆርቆሮውና በአሮጌው ግድግዳ መጋጠሚያ ውሃ ሲገባም ያየ የለም።

«የጎረቤቱስ?» አልኳቸው ለነገሩ ያህል።

እዚህ ላይ ነው ያላሰብኩት ነገር የመጣው። ወደ ወይዘሮዋ ቤት ገባን። ግድግዳው ያው አንድ ግድግዳ ነው፣ በዚያ ወገን በኩል ያለው ፊቱ ማለቴ ነው። መዳፌን አሳረፍኩ። ደረቅ! ጎርበጥባጣ፣ ኖራው እጅ ላይ የሚቀር፣ ግን እንደ ሸክላ ምጣድ ደረቅ። ከወለሉ አጠገብ ብቻ ከእኛ በኩል የተሻገረ አንድ ጨለም ያለ ጥላ አለ።

ወይዘሮዋ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። «እትዬ፣ ይህን ማነው የሚሠራልዎት?»

«ማን ይሠራልኛል ልጄ? የቀበሌ ቤት ነው። ባመለከትኩ ቁጥር በጀት የለም ይሉኛል። ውጭ አገር ያለ ልጅ የለኝ። ልጆቼ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ጭቃ ያቦካሉ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው ይደፍናሉ፣ ግድግዳውን እኔ እመርጋለሁ። ሲሚንቶ መግዣ ከየት አምጥቼ?»

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ለባለቤቶቹ በቀረው ቤት ውስጥ ዶላር ገባ፣ ቤቱም ረጠበ። ከባለቤቶቹ የተወሰደው ቤት በድህነት ምክንያት እንደ ጥንቱ ተያዘ፣ እሱም ደረቀ። ቤተሰቡ ዘመኑን ሙሉ «ቤታችንን አበላሹት» ሲል የኖረው ስለ እሳቸው ነው። አይ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ «እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ በስልክ ግን ጭቃ አይታይም» አሉ።

ይህ የአንድ ግቢ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ሦስት ቀን ጀጎል ውስጥ ስዘዋወር የሲሚንቶ ልስንና የሚያብረቀርቅ ቀለም ባየሁበት ቦታ ሁሉ እየጠየቅኩ ነበር፤ «ማነው ያሠራው?» ስል «ልጁ አሜሪካን አገር ነው»፣ «እህታቸው ጂዳ ናት» ተባልኩ ደጋግሜ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዓመት የሆኑ 82 መስጊዶችን፣ 102 የወሊዮች መቃብሮችንና እነዚህን የመኖሪያ ቤቶች ቆጥሮ ነው። መስጊድ ጠባቂ አለው፤ መቃብርም ዘያሪ አለው። ቤትን የሚጠብቀው ግን ነዋሪው ነው፤ ነዋሪው ሲሄድ ገንዘብ ይልካል። ገንዘብ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስንጥቅ አያይም። አንዳንዶቹ ባለቤቶች ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል፤ ነደባው ላይ ቱሪስት ይተኛል፣ ኪርታትም ለሙሽራ ሳይሆን ለሻንጣ ትሆናለች። የሚያዝኑ አሉ። እኔ አላዘንኩም። እንዲህ ባለው ቤት ቢያንስ በየቀኑ በሩ ይከፈታል፣ ግድግዳው አየር ያገኛል።

ማታ ወደ ቶሮንቶ ደወልኩ።

«ዳሰስከው?»

«ዳሰስኩት።»

«እህስ?»

«የናንተ ረጥቧል። የወይዘሮዋ ደረቅ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለ። «እና አሁን ሌላ ሲሚንቶ ነው የሚያስፈልገው ወይስ ምንድነው?»

«የቀድሞውን ማንሳት ነው የሚያስፈልገው።»

ሽማግሌው ግንበኛ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲሚንቶው በመዶሻ ሳይሆን በዝግታ በመሮ ይነሳል፣ አለዚያ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል። ከተነሳ በኋላ ግድግዳው እርቃኑን ሆኖ አንድ በጋ ሙሉ መድረቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ጭቃና ጭድ፣ በመጨረሻም ኖራ። ቆርቆሮው ሊቆይ ይችላል፣ ግን መጋጠሚያው ተከፍቶ መታየት አለበት። ዋጋው ከሲሚንቶው ይረክሳል፤ የሚፈጀው ጊዜና ሰው ነው። ጭቃ የሚያቦኩት ደግሞ የወይዘሮዋ ልጆች እንዲሆኑ ግንበኛው ጠይቀዋል፣ ከነሱ ሌላ ሥራውን የሚያውቅ ወጣት በሰፈሩ የለም።

እሁድ እሁድ የሚደረገው የቤተሰቡ የስልክ ስብሰባ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኔም እንደ ምስክር ሁለቴ ተጠርቻለሁ። ዳላስ ያለችው እህት አለቀሰችና ድርሻዋን በማግስቱ ላከች። ጓደኛዬ የራሱን ላከ። ታናሽ ወንድሙ፣ «ገንዘብ ፈልገው ነው» ይል የነበረው፣ ፎቶውን አይቶ ዝም አለና ከፈለ። ጂዳ ያለው ታላቅ ወንድም ግን አሻፈረኝ አለ። «ያኔ ለሲሚንቶ አስከፈላችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ያንኑ ለማስነሳት ትሉኛላችሁ! ሰው እንዴት ለጭቃ ሪያል ይልካል?» ነው ያለው። ስለ ወይዘሮዋ ልጆች የቀን ሒሳብ ሲነሳማ ስልኩን ዘጋ።

በሦስቱ ገንዘብ የምሥራቁ ግድግዳ ልስን ተነስቷል። አይ ጊዲር ነደባውን ለቀው ወደ ወይዘሮዋ ቤት ተዛውረዋል፤ ሁለቱም አሮጊቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ምንጣፉም ከበሩ በላይ ወርዶ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ዳር ዳሩን ብል በልቶታል፣ መሐሉ ደህና ነው። የጂዳው ወንድም ባለፈው ሳምንት ለጓደኛዬ አጭር መልእክት ልኮለታል፤ «ድንጋዩ ደርቆ እንደሆነ ሰው ይዳስሰውና ንገሩኝ፣ ከዚያ እናያለን» ይላል።